ውሃ የገባበት ሰልባትዮ

ዳንግላ፣ እሑድ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየሩ፦ ጠዋት ውርጭ ነበር፤ ከሦስት ሰዓት ወዲህ ፀሐይ ወጥቷል።
የነበሩ፦ እኔ፤ ባለቤቴ ይሄነው፣ ከሩቅ ቆሞ፤ ሁለት ዶሮዎች።

የተከበሩ ጋሽ መሳፍንት፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ልጅዎ ምሥራቅስ፣ የልጅ ልጆችዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ጆሮዎ አልጠይቅም። «ጆሮህ እንዴት ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ እየጮኸ ስለሚለኝ ደክሞኛል» ብለው ስለጻፉልኝ ነው። ዓይንዎ ደህና ከሆነ ለእኔ ይበቃኛል።

ያቺን ቁራጭ ወረቀትዎን የአውቶቡሱ ሾፌር ምስጋናው ትናንት በእጄ ሰጠኝ። «መኪና ሲከፈት ቀኑን፣ አየሩንና ማን እንደነበረ ሳትጽፊ ሌላ ነገር አትጻፊልኝ፤ በጋራዤ ደብተርም ደንቡ እንዲያ ነበር» ስላሉ ከላይ እንዳዩት አድርጌያለሁ። ዶሮዎቹን ልተዋቸው ነበር፤ ግን ነበሩ።

ለጠየቁኝ በተራ ልመልስ። አዎ፣ ላዳዋ አልተሸጠችም። በጓሮ ዳስ ሥር ቆማለች። ጎማዎቿ ተኝተዋል፣ ባትሪዋ ሞቷል። ከኋላ ዕቃ መጫኛዋን ከፍቼ፣ እርስዎ ሰልባትዮ የሚሉት እኔ የነዳጅ ጋን የምለው ላይ ያለችውን መለኪያ ፈትቼ አሸተትኩ። ቤንዚን ቤንዚን አይልም፤ የቆየ ቀለም ነው የሚሸተው። ውስጡን በባትሪ መብራት ነው ያየሁት፤ በክብሪት አይደለም፣ አይቆጡ። ወለሉ ቀይ ነው። ቀጭን እንጨት ብሰድበት የእርሻ ጭቃ የመሰለ ነገር ይዞ ወጣ።

«ዳንግላ ሌላ መካኒክ ጠፋ ወይ?» ላሉኝ፣ አልጠፋም። ግን የዚህን ነገር መጀመሪያ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎት። በ2013 መጋቢት ላይ ይሄነው ላዳዋን ገዝቶ ባመጣት ማግስት፣ ወንድሜ ደርበው ከእንጅባራ ሃያ ሊትር ቤንዚን በጀሪካን አምጥቶ በነፃ ሞላላት፤ እኛ ዘንድም አደረ። ጠዋት ይሄነው አራት ሰው ጭኖ ወጣ። ከከተማው ሳይርቅ ቆመች። ተጎትታ እርስዎ ዘንድ መጣች፤ ካርብሬተሩን ፈትተው ውሃ አገኙበት። ይሄነው ከጋራዥዎ ወጥቶ በቀጥታ መናኸሪያ ሄደና፣ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠውን ወንድሜን ሰው ሁሉ እየሰማ «ውሃ ቀላቃይ ሌባ!» አለው። ከዚያ ወዲህ ደርበው ደጃችንን አልረገጠም። እኔም የእሱን አልረገጥኩም።

አሁን ደርበው ልጅ ወልዷል፤ ባገባ በአሥራ አንድ ዓመቱ። ሴት ናት። ጥቅምት 29 ተወለደች፤ ሰማንያ ቀኗ ጥር 18 እሑድ ይሞላል። ክርስትናዋ ያን ዕለት እንጅባራ ነው። የላከብኝ ቃል ይህ ነው፦ «እታለም ትምጣልኝ። ግን ባሏ ሌባ ያለበትን አፍ ይዞ አብሯት ይምጣና ቃሉን ያንሳ። አለዚያ ሁለቱም ይቅሩ።» ይሄነው ደግሞ «መካኒኩ በአፉ አረጋግጦልኛል፤ ምኑን ነው የማነሳው?» ይላል።

እኔ የሚመስለኝ፣ ላዳዋን እንደ ሬሳ ተጋድማ ባያት ቁጥር ንዴቱ ይታደስበታል። ብትነሳ ይበርድለት ይሆናል። ለቆራሌው ሊሰጣት ነበር፤ እስከ ጥር እንዲታገሠኝ ለምኜዋለሁ። ልጠይቅዎ የፈለግኩት ይህን ነው፦ ውስጡ የዛገ ሰልባትዮ ይድናል?

አክባሪዎ ዘውድነሽ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየሩ፦ ምሥራቅ ብርድ ነው ትላለች፤ እኔ አልወጣሁም።
የነበረ፦ እኔ ብቻ።

ዘውዴ፣

ዶሮዎቹን በመጻፍሽ ኮራሁብሽ። ከጋራዡ ልጆች መካከል ይህን ያህል የሚታዘዝ አልነበረኝም።

ይድናል። ቀዳዳ ከሌለው ይድናል። የቀዳዳውን ነገር ግን ዝገቱ ሳይነሳ አናውቅም፤ አንዳንዴ ቀዳዳውን የደፈነው ዝገቱ ራሱ ነው። ስለዚህ አስቀድመሽ ደስ አይበልሽ፣ አስቀድመሽም አታልቅሺ።

አሮጌውን ቤንዚን ቅጂና ከቤት አርቀሽ አስቀምጪ። ምድጃ አጠገቡ አይደርስም፣ ክብሪት አይደርስም። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይብሳል፤ ሽታው ራሱ እሳት ይይዛል። ማንም መጥቶ «ልበይድልሽ» ቢል በዱላ አባሪው። ከዚያ ቱቦውን አላቀሽ የማሰሪያውን ብሎን ፍቺ። እምቢ ካለሽ ዘይት አጠጪውና አሳድሪው፤ አትታገዪው። ብረትና አማት በጉልበት አይሸነፉም። ሲወርድልሽ ሁለት ጣሳ የወንዝ ጠጠር፣ የልብስ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ጨምረሽ፣ አፉን ወትፈሽ እንደ ወተት ናጪው። ድፊውና ድገሚው። የሚወጣውን በነጭ ጨርቅ አጥልለሽ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ። ዝገት ይናገራል፤ የሚጽፍለት ካገኘ።

የእኔንም ጥፋት ልንገርሽ። ያን ጊዜ ካርብሬተሩን አጥቤ መለስኩላችሁ፤ ሰልባትዮውን አላወረድኩም። ማውረድ ነበረብኝ። ጾም ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ ሰበብ አያልቅብኝም። ውሃው እዚያው ወለሉ ላይ ቀርቶ አራት ዓመት ሲበላው ኖረ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ያን ያህል ውሃ ከየት መጣ? ክዳኑ ጠፍቶ ነበር? አጥባችኋት ነበር? ዝናብ ያደረባት ቀን ነበር? አስቢና መልሺልኝ።

ወንድምሽ ሌባ መባሉን ዛሬ ነው የሰማሁት። አነበብኩት ልበል እንጂ። እኔ ያን ቀን ሌባ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።

መሳፍንት


ዳንግላ፣ እሑድ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየሩ፦ ነፋስና አቧራ፤ ከሰዓት በኋላ ጸጥ አለ።
የነበሩ፦ እኔ፤ ጎረቤታችን ወገኔ፣ ሳይጠራ የመጣ፤ ይሄነው፣ ለትንሽ ጊዜ።

የተከበሩ ጋሽ መሳፍንት፣

ይህ ደብዳቤ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብሎኑ ነው ያዘገየኝ። እንዳሉት ዘይት አጠጥቼ አሳደርኩት፤ አንድ ቀን አልበቃውም፣ ሦስት ቀን አደረ። አራተኛው ቀን በእጄ ዞረ። እጄን እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰልባትዮው ወርዷል። አጥሩ ሥር ጆንያ ላይ አስተኝቼ ስንጠው ወገኔ በአጥር አሻግሮ አየኝና፣
«ዘውድነሽ፣ ምን ጠምቀሽ ነው? ጠላ ነው?» አለኝ።
«ጠላ ቢሆን ጠዋት ትመጣ ነበር» አልኩት።
ከዚያ ዘሎ ገባና በአንዱ በኩል ይዞ አብሮኝ ናጠ። ሰው ነው፤ ምላሱን ብቻ ነው የሚጠሉት። ይሄነውም ወጥቶ ትንሽ አየን። «ሴትየዋ መካኒክ ሆነች» አለና ገባ። ሲገባ ግን የጠጠሩን ጣሳ በእግሩ ወደ እኔ አስጠጋልኝ። ይህን ልጽፍልዎ የፈለግኩት ትንሽ ነገር ስላልመሰለኝ ነው።

መጀመሪያ የወጣው ቀይ ነው፤ እንደ ሸክላ አፈር። ሁለተኛውም ቀይ። በሦስተኛው ከሥር የተጣበቀ ነገር ለቀቀና ከቀዩ ጋር ግራጫ ጭቃ ወጣ፤ አመድ የመሰለ፣ በጣት ሲያሹት የሚልም። በጨርቁ ላይ ከዝገቱ ተለይቶ ለብቻው ቀረ። በአምስተኛው ውሃው ጠራ። ቀዳዳ አላየሁም። እስካሁን አላየሁም።

ስለ ውሃው ብዛት ለጠየቁኝ፣ ክዳኑ አልጠፋም፣ አላጠብናትም፣ ዝናብም አልነበረም። ከዚህ የበለጠ ያን ቀን ጋራዥዎ ስላልነበርኩ ምን ልበልዎ? ይሄነው ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የሚለው፦ «ጋሽ መሳፍንትን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ‹ውሃ አስገብቶበታል?› ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ‹አዎ› አሉኝ።»

ሌላም የምነግርዎ ነበረኝ። ምስጋናው ልነሳ ነው እያለ ጥሩንባ ስለሚነፋ እዚህ ላይ ላቁም።

ዘውድነሽ


አዲስ አበባ፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየሩንና ሰውን ተይው።

ዘውዴ፣

አሁን የሚቀረው ጠጠር ያልደረሰበት ቀጭኑ ዝገት ነው። እሱን ኮምጣጤ ያነሳዋል። አቼቶ ከሱቅ ግዢ፤ ካነሰሽ ሎሚ ጭመቂበት። መሙላት የለብሽም። አራት አምስት ሊትር ጨምረሽ በየቀኑ ጎኑን አዙሪው፤ ዛሬ በወለሉ፣ ነገ በቀኙ፣ ከነገ ወዲያ በግራው ይተኛ። አንድ ሳምንት በሽተኛ እንደምታገላብጪ አገላብጪው። ሲበቃው ድፊው፤ ለዳቦ የሚሆነውን ሶዳ በውሃ በጥብጠሽ እጠቢው፣ ኮምጣጤው ብረቱን መብላቱን እንዳይቀጥል። ከዚያ ሳትውዪ ሳታድሪ በፀሐይ አድርቂና አንድ ብርጭቆ ዘይት በትንሽ ቤንዚን አቅጥነሽ ውስጡን ሁሉ አዳርሺው። እርጥቡን ጥለሽው ብትሄዪ በማግስቱ ቀልቶ ታገኚዋለሽ። የነዳጅ ማጣሪያዋን በአዲስ ለውጪ፤ ቱቦዎቹን ጎማ የሚነፋው ሰው በንፋስ ይንፋልሽ።

አሁን ሁለት ነገር መልሺልኝ።

አንደኛ፣ ዝገት ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ይጠቁራል። ሃምሳ ዓመት ብረት ፈትቻለሁ፤ እንደ አመድ የሚልም ዝገት አላየሁም። ያ ግራጫ ምንድን ነው?

ሁለተኛ፣ ይሄነው ጠየቅኋቸው የሚለውን ቃል እንደገና ጻፊልኝ። አንዲት ፊደል ሳትጨምሪ፣ አንዲት ፊደል ሳትቀንሺ። እሱን ራሱን ጠይቀሽ ጻፊ።

መሳፍንት


ዳንግላ፣ ሐሙስ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየሩ፦ ብሩህ፤ ጥላ ሥር ግን ይበርዳል።
የነበሩ፦ ማንም። በር ዘግቻለሁ።

የተከበሩ ጋሽ መሳፍንት፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ ብጽፍ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ካረዘምኩት ዋናውን ሳልጽፍ ወረቀቱ ያልቃል፤ ባለፈው ያደረግኩት እሱን ነው። ምስጋናው ጥሩንባ አልነፋም ነበር።

ግራጫው እምነት ነው።

ላዳዋ የመጣች ቀን ይሄነው ጎረቤት ሊጋብዝ ሲወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ጠበል አወጣሁ። ከኮፈኗና ከጎማዎቿ ላይ ረጨሁ። ከዚያ አሰብኩ። ሰው ሲጠመቅ በላዩ ይፈስበታል፣ ይጠጣልም፤ የሚያድነው የጠጣው ነው ይላሉ። መኪናስ አፏ የት ነው? የነዳጅ ክዳኑን ከፈትኩ። የተረፈውን ጠበል፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የእምነት አመድ በጥብጬበት፣ እስከ መጨረሻው አንቆረቆርኩላት። ከመንገድ ክፉ እንድትጠብቀው ብዬ ነው ያደረግኩት። በማግስቱ ደርበው መጥቶ ቤንዚኑን በላዩ ሞላበት።

ስትቆም ለምን አልተናገርሽም ይሉኛል። ያኔ አላወቅኩም። ጠበል መኪና ያቆማል ብሎ የሚያስብ ማን ነው? እኔም እንደ ይሄነው ቤንዚኑን ነበር የጠረጠርኩት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ያወቅኩት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ጨው የተጠቀለለበት ወረቀት ከተማሪ መጽሐፍ የተቀደደ ነበር፤ እንደ ልማዴ ጨውን ገልብጬ አነበብኩት። ዘይትና ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀልሉ ይንሳፈፋሉ፣ ውሃው ከሥር ይቀራል ይላል፤ የብርጭቆ ሥዕልም አለው። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የዚያን ዕለት ወጡ ያለ ጨው ቀረበ።

ከዚያ ወዲህ ዝም ያልኩት ሁለት ነገር ፈርቼ ነው። አንዱ ይሄነውን። ሁለተኛውን ለመጻፍም እፈራለሁ፤ «መኪናዋን ያበላሸው ጠበሉ ነው» ብል ጠበሉን የከሰስኩ መሰለኝ። ስለዚህ ወንድሜን አስከሰስኩ።

ላዳዋ ብትነሳ ይበርድለታል ብዬ የጻፍኩልዎ ለራሴ የነገርኩት ተረት ነው።

የጠየቁኝን ቃል ትናንት እራት ላይ ጠየቅኩት። «ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ‹ጋሽ መሳፍንት፣ ውሃ አስገብቶበታል?› ነው ያልኳቸው» አለኝ። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።

ሰልባትዮውን አራተኛ ቀኑን እያገላበጥኩት ነው። አቼቶው ስላነሰ ሦስት መቶ ሎሚ ጨመቅኩ። እጄ ላይ ያለው ቁስል ሁሉ አሁን ነው ያለበትን ቦታ የነገረኝ።

ዘውድነሽ


አዲስ አበባ፣ የገና ዋዜማ፣ ሰኞ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየሩ፦ ፀሐይ። ዛሬ ወጣሁ።
የነበሩ፦ እኔና ምሥራቅ። ደብዳቤሽን አላሳየኋትም።

ዘውዴ ልጄ፣

እንኳን አደረሰሽ።

በመጀመሪያ ለፍርሃትሽ ልመልስልሽ። ጠበሉ ምንም አላጠፋም። ጠበል ለሰው ነው፤ ብረት ግን እምነት የለውም፣ ውሃ ሲያገኝ ይዝጋል። ቄሱን ብትጠይቂያቸውም ከዚህ የተለየ አይሉሽም፤ ምናልባት ይስቁ ይሆናል። እኔ ስቄያለሁ። ምሥራቅ ደንግጣ መጣች፤ ለካ ጮክ ብዬ ነበር።

አሁን የእኔን ስሚ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት በጋራዡ የሠራሁት ሳልሰማ ነው። መካኒክ ጆሮው ሞተ ከተባለ ማን መኪና ያመጣለታል? ሞተሩን በእጄ መዳፍ ነበር የማዳምጠው፣ ሰውን በከንፈሩ። ከንፈር ሲፈጥንብኝ ራሴን እየነቀነቅሁ «አዎ» እል ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል።

ያን ቀን የጎማ መንፊያው ሞተር እየጮኸ ነበር፤ ጩኸቱ በእግሬ ሥር ይሰማኝ ነበር። ይሄነው ተናደደና ፈጥኖ ተናገረ። እኔ ከአፉ ያነበብኩት «ውሃ ገብቶበታል?» የሚለውን ነው። ውሃውን በእጄ ይዤዋለሁ፤ ታዲያ «አዎ» አልኩት። «አስገብቶበታል?» ማለቱን ያወቅኩት አንቺ ስትጽፊልኝ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ እጅሽ የተሳሳተ መሰለኝ፤ ለዚህ ነው አስደግሜ ያስጻፍኩሽ።

አየሽ፣ ገብቶበታል ሲባል ውሃው ራሱ ገባ። አስገብቶበታል ሲባል ግን ያስገባ ሰው አለ። በሁለት ፊደል ሰው ሌባ ሆነ፤ ሁለቱን ፊደል የዋጥኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚህ ጋር ለይሄነው የጻፍኩት አለልሽ። አላሸግኩትም፣ አንብቢው። የጆሮዬን ነገር ሁሉ ጽፌለታለሁ። ውሃውን ግን ጠል ነው ብዬዋለሁ፤ ሰልባትዮ ጎዶሎ ሆኖ ሲያድር ውስጡ ጠል ያወርዳል፣ ይህ ሐሰት አይደለም። የጠበሉን ነገር አላነሳሁም። እሱን ብቻ ብትሰጪው ወንድምሽ ነጻ ይወጣል፤ አንቺንም የሚነካሽ የለም። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ጋራዡም ተዘግቷል፤ ጥፋቱን ልሸከመው እችላለሁ።

እንደ ፈቃድሽ አድርጊ።

መሳፍንት


ዳንግላ፣ ሰኞ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሽ መሳፍንት፣

በዚህኛው ሰላምታውንም ምስጋናውንም አስቀድሜ ልጨርስ፤ መጨረሻ ላይ ቦታ አይኖረኝም። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው። ለእኔ ሲሉ ያንን ሁሉ ስለራስዎ መጻፍዎን መቼም አልረሳውም። ምሥራቅን ሳሙልኝ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጥር 13 ነው፤ ዝም ያልኩዎት ከዚህ የተነሳ ነው እንጂ ቂም ይዤ አይደለም። ምን ቂም ሊኖረኝ?

ላዳዋ ተነስታለች። ሰልባትዮው ቀዳዳ የለውም፤ ውስጡ እንደታጠበ ድስት ነው፣ በመብራት ሲያዩት ግራጫ ብረት ብቻ። ሐሙስ ጥር 15 ገጠምነው። «ገጠምነው» ያልኩት ይሄነው ማሰሪያውን ስለያዘልኝ ነው። ባትሪውን ወገኔ ከሚያውቀው ሰው አስሞልቶ አመጣ። አምስት ሊትር ቤንዚን ይሄነው ራሱ ማደያ ተሰልፎ ቀዳ። ሦስት ጊዜ ስታለቅስ ቆየችና በአራተኛው ያዘች። ወገኔ ጨፈረ። ይሄነው መሪውን ይዞ ተቀመጠ፣ አልወርድም አለ።

ደብዳቤውን ግን አልሰጠሁትም ነበር። አራት ቀን በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ ያዝኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰጠሁት። ዳሱ ሥር ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ፊቱ ሁሉ ተፈታና ሳቀ።
«ጠል ነው እንዴ!» አለ። «ተመስገን! ማንም አላጠፋም ማለት ነዋ።»
እዚያ ላይ ዝም ብል አልቆ ነበር። እርስዎም ያንን ነበር የፈቀዱልኝ። ግን ወንድሜ አራት ዓመት ሌባ ተብሎ ሲኖር፣ መጨረሻው ጠል ነው ተብሎ ይሳቅበት?
«ጠል አይደለም» አልኩት። «እኔ ነኝ።»
ሁሉንም ነገርኩት። ሃይላንዱን፣ እምነቱን፣ ጨው የተጠቀለለበትን ወረቀት።
«ሁለት ሊትር?» አለ።
«ከረጨሁት የተረፈውን።»
«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»
«ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ይሆናል።»
«ከአንቺ ሌላ ማን ያውቃል?»
«ጋሽ መሳፍንት።»
ሲጮህ ዶሮዎቹ ተበተኑ። «ደንቆሮው ሰምቶ እኔ አልሰማሁም!» አለ። ይቅርታዎን፣ ቃሉን እንዳለ መጻፍ ስላለብኝ ነው።

ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ሊመሽ ሲል ተመለሰ። እራቱን በላ፤ ለእኔም ቆረሰልኝ፤ አላናገረኝም። ሊተኛ ሲል ጀርባውን ሰጥቶኝ «በመናኸሪያው ፊት» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «በአራት ተሳፋሪና በረዳቱ ፊት» አለ። ማልዶ ይነሳ ይሆን፣ አይነሳ ይሆን፣ አላወቅኩም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ያደረግኩት ይህ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ። ስወጣ የላዳዋ ሞተር እየሠራ ነበር፤ ይሄነው ጋቢውን ለብሶ መሪው ላይ ተቀምጧል። በሩን በውስጥ ከፈተልኝ። ገባሁ።

ጎህ ሳይቀድ ከዳንግላ ወጣን። ላዳዋ እስከ እንጅባራ አንዴም አላነከሰች። ብርዱ ስለበረታ መስኮቱን ዘጋሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ደረስን። ደርበው ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ሚስቱ ትዕግስት ልጂቱን ታቅፋ ከጎኑ። ላዳዋን አወቃት። ወረድኩ። አጠገቡ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ። ሳልነሳ፣ ግማሽ ጎንበስ እንዳልኩ፣ «ውሃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ጠበል ነበር፤ ይሄነው አላወቀም፣ አንተም አላጠፋህም» አልኩት። እንዲህ አጭር ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ደርበው ከትከሻዬ በላይ አየ። ዞርኩ። ይሄነው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። ድንጋዩ ትልቅ ነበር፤ ጋቢው በጭቃ ተበላሽቷል። ለቅዳሴ የሚገባው ሰው ቆሞ ያያል።
«ሌባ ብዬሃለሁ» አለ ይሄነው፣ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሌባ አልነበርክም። ቃሌን አንስቻለሁ። ማረኝ።»
«አስቀምጠው ጋሼ» አለ ደርበው። «ወገብህን ትሰብርና ደግሞ እኔ ሰበርኩት ትላለህ።»
አንድ ሰው ሳቀ። ይሄነው ግን ድንጋዩን አላወረደም፤ ደንቡ «ይማርህ» እስኪባል ነው። ደርበው ሄዶ በሁለት እጁ አነሳለትና መሬት አደረገው። «እግዚአብሔር ይማርህ» አለ። ጉልበት ለጉልበት ተጠጉ፣ ተሳሳሙ። ከዚያ ደርበው ወደ ላዳዋ ሄዶ ኮፈኗን በእጁ መታ አደረገና፣
«ቤንዚኑን ከማን ቀዳችሁ?» አለ።
እኔ ሳቅሁ፤ እንባዬም መጣ፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

ለልጂቱ የክርስትና እናት ሌላ ሴት ተነግሯት ነበር። እኔ አልሆንኩም። አራት ዓመት ባንዘጋጋ ኖሮ እኔ እሆን ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አላነሳነውም። ትዕግስት የልጂቱን መታቀፊያ ሰጠችኝ፤ እሱን ይዤ ቆምኩ። ቄሱ ውሃውን ሲያፈሱባት ጮኸች። ስሟን ወለተ ሚካኤል አሏት። አድርቄ ጠቀለልኳትና ለእናቷ መለስኩ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣን። ትዕግስትና ልጂቱ በላዳዋ ከኋላ ተቀመጡ፤ እኔና ደርበው በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ ስለ ቤቱ ክዳን ነገረኝ፣ ሁለት ቆርቆሮ ያፈስበታል። እኔም የብሎኑን ነገር ነገርኩት።

ቤቱ ደረስን። ደጁ ላይ ጫማዬን ከጭቃ ጠረግኩ። ገባሁ። አንዲት ጎረቤት እጄን አስታጠበችኝ። በወንድሜ ገበታ ተቀመጥኩ፣ ቆረስኩ፣ በላሁ።